ካርቶኑን ከምድር ቤት ያውጡት፦ ስለ አሮጌ «ማድ» መጽሔቶች ለተጠየቀ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤታችን ዕቃ ሲሸጡ ልጄ አንድ ካርቶን ሙሉ አሮጌ ‹ማድ› የሚባል የአሜሪካ የቀልድ መጽሔት በ15 ዶላር አስገዛኝ። ወደ 40 መጽሔትና 12 ትንንሽ መጻሕፍት አሉበት። አብዛኞቹ የ1970ዎቹ ናቸው። ልጁ 13 ዓመቱ ነው፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ማን እንደሆነ እንኳ በቅጡ አያውቅም። ግን ክፍሉን ዘግቶ ብቻውን ይስቃል። ባለቤቴ ‹ይሄ በሴኔት የታገደ የልጅ ማበላሻ ነው፣ ወይ ሽጪው ወይ ጣይው› ይለኛል። እኔ ደግሞ አሮጌ ስለሆነ ውድ ይሆናል ብዬ፣ የተቀደደውን በፕላስተር ለጣጥፌ ምድር ቤት አስቀመጥኩት። ሰሞኑን ደግሞ ልጁ መልስ መመለስ ጀምሯል። ‹ተኝተሃል እንዴ?› ስለው ‹አይ፣ ጣሪያው እንዳይወድቅ እየጠበቅኩ ነው› አለኝ። ያረጀ ቀልድ እንዲህ የሚያስቀው ለምንድን ነው? ልሽጠው? ላስቀምጠው? ወይስ ተሰብስቦ በመጽሐፍ የወጣውን ልግዛለት?»

ምላሽ፦

መጀመሪያ ካርቶኑን ከምድር ቤት ያውጡት። ዛሬውኑ። ሌላው ሁሉ ጊዜ ይሰጣል፤ ይሄ አይሰጥም።

«ማድ» በዚያ ዘመን የሚታተመው በርካሽ ወረቀት ላይ ነበር። ርካሽ ወረቀት ከእንጨቱ በደንብ ስላልተጣራ ውሎ አድሮ አሲድ ያበዛል። ብርሃንና አየር ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያ እንደ ደረቀ ቂጣ ጫፍ ጫፉ ይሰባበራል። እርጥበት ሲጨመርበት ይብሳል። የሜሪላንድ ሐምሌ ምን እንደሚመስል ለእርስዎ አልነግርዎትም። ሻጋታ ደግሞ የሚጀምረው ከታች ካለው መጽሔት ነው፤ ከላይ ሲያዩት ምንም የለበትም። ገጾቹን የያዘችው ትንሽ ሽቦም ትዝግና ዝገቷ ወደ ወረቀቱ ይገባል። ጣሪያ ሥር ይሻላል ብለውም እንዳያወጡት። እዚያ ሙቀቱ ያነደዋል። ሰው ተመችቶት የሚያድርበት ክፍል ለወረቀትም ይመቸዋል፤ የልጁ ቁም ሳጥን ይበቃል።

የፕላስተሩን ነገር መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

«አሮጌ ስለሆነ ውድ ነው» የሚለውን አሮጌ መጽሔት ስገዛና ስሸጥ በኖርኩባቸው ሃያ ዓመታት በየሳምንቱ ሰምቼዋለሁ። ዋጋ የሚያወጣው ዕድሜ አይደለም፣ እጥረት ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ «ማድ» በአንድ እትም ከሁለት ሚሊዮን ቅጂ በላይ ይሸጥ ነበር። ያ ሁሉ ወረቀት የትም አልሄደም። በየሰው ምድር ቤት ተቀምጧል፤ ባለቤቶቹም ልክ እንደ እርስዎ ውድ ይሆናል ብለው ይጠብቃሉ። በዚያ ዘመን የወጣ፣ የተነበበ፣ ጠርዙ የተጎዳ መጽሔት ጥቂት ዶላር ቢያወጣ ነው። ትልቅ ገንዘብ ያለው መጀመሪያዎቹ 23 እትሞች ላይ ነው። ያኔ «ማድ» ገና ባለ ቀለም፣ በ10 ሳንቲም የሚሸጥ የኮሚክ (በስዕል የሚተረክ ታሪክ) ደብተር ነበር። በ1952 የወጣው የመጀመሪያው እትም ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ብዙ ሺህ ዶላር ያወጣል። የእርስዎ ካርቶን ውስጥ ያ የለም። 15 ዶላሩ ደህና ዋጋ ነው። አልተበሉም፣ አላተረፉምም።

ባለቤትዎ ስለ ሴኔቱ የሰሙት ነገር መነሻ አለው፣ ግን ተጣሞ ነው የደረሳቸው። በሚያዝያ 1954 የሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ኒውዮርክ ላይ ተቀምጦ ስለ ኮሚክ ደብተሮችና ስለ ልጆች ጥፋት ምስክር ሰምቷል። የ«ማድ» አሳታሚ ዊሊያም ጌይንስም ቀርቦ ተናግሯል። የተፋጠጡት ግን በሌሎቹ ሥራዎቹ ላይ ነው፤ በአስፈሪና በወንጀል ኮሚኮቹ። ሴኔቱ ምንም አላገደም። የፈሩት አሳታሚዎቹ ራሳቸው ናቸው። በዚያው ዓመት መገባደጃ የራሳቸውን የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። በዚያ ደንብ የጌይንስ አስፈሪ ኮሚኮች ሞቱ። «ማድ» ደግሞ በ1955፣ ከ24ኛው እትም ጀምሮ፣ ትልቅ መጽሔት ሆነ። ደንቡ የሚገዛው የኮሚክ ደብተርን ብቻ ስለነበር መጽሔቱን አልነካውም።

ብዙ ሰው «ከደንቡ ለማምለጥ ነው የተቀየረው» ይላል። ያ የተገኘው እግረ መንገዱን ነው። የመጀመሪያው አዘጋጅ ሃርቪ ከርትዝማን ሌላ ቦታ ሥራ ተገኝቶለት ሊሄድ ሲል፣ ጌይንስ እሱን ለማቆየት ሲል ነው የፈለገውን ትልቅ መጽሔት የፈቀደለት። ከርትዝማን በዓመቱ ለቀቀ። መጽሔቱ ግን በዚያው ቀረ።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ኒክሰንን የማያውቅ ልጅ ምን ያስቀዋል?

አንድ ነገር ይሞክሩ። ሳቁ ሲሰማዎት ቀስ ብለው ገብተው የትኛው ገጽ ላይ እንደሆነ ይዩ። የፊልም ፌዝ ላይ አይሆንም። ኒክሰንን ከሥልጣን ስላወረደው የዋተርጌት ቅሌት የተጻፈው ላይም አይሆንም። ከሦስት ነገሮች አንዱ ላይ ያገኙታል፦ እንደ ወፍ አፍ የሾለ ፊት ያላቸው ጥቁርና ነጭ ሰላዮች፣ በገጹ ዳር ዳር ተበትነው ያሉት ጥፍር የሚያካክሉ ስዕሎች፣ ወይም ከኋላ ሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ያለው የሚታጠፍ ስዕል።

እነዚህን የሠሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ሁለቱ አሜሪካ ሲገቡ እንግሊዝኛ አያውቁም ነበር ማለት ይቻላል። ሦስተኛው አሜሪካ ተወልዶ አሜሪካን ከውጭ ሆኖ በስዕል የተማረ ነው። አጋጣሚ ነው ብዬ አላምንም።

ሰላዮቹን የሣለው አንቶኒዮ ፕሮሂያስ ኩባዊ ነው። ሀገሩ እያለ የታወቀ የጋዜጣ ካርቱኒስት ነበር። በካስትሮ ላይ መሣል ሲጀምር የአሜሪካ ሰላይ ነህ ተባለ። በ1960 ኒውዮርክ ገባና ቀን ፋብሪካ እየሠራ ማታ ማታ ይሥል ጀመር። በዚያው ዓመት ሥራዎቹን ይዞ «ማድ» ቢሮ ሄደ። እንግሊዝኛ ስለማይችል የ14 ዓመት ልጁን በአስተርጓሚነት ይዞ ነበር። ይሄንን ትዕይንት ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ከልጁ ጋር ክሊኒክ፣ ባንክ፣ የቤት ኪራይ ቢሮ ያልሄደ ወላጅ ማን አለ? ስዕሎቹን ግን ማንም አልተረጎመም። ቃል የለባቸውማ። እዚያው ገዙት፤ በጥር 1961 እትም ላይ መውጣት ጀመረ።

ሰላይ ነህ ያሉትን ሰውዬ ወስዶ ሁለት ሰላይ አደረገው። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ። ማን ለማን እንደሚሠራ አይታወቅም። አንዱ ወጥመድ ይሠራል፤ ወጥመዱ የሚገርም ነው፤ ገመድ፣ ጎማ፣ ፈንጂ፣ የውሸት በር። አንባቢው ጥቁሩ አለቀለት ሲል ጥቁሩ ነገሩን ቀድሞ ደርሶበት ኖሯል። በሚቀጥለው እትም ተራው የነጩ ነው። ግራጫ የለበሰች ሴት ሰላይ ብቅ ስትል ደግሞ ሁሌም የምታሸንፈው እሷ ናት። ከርዕሱ ሥር የተደረደሩትን ነጠብጣቦችና ሰረዞች ለልጅዎ ያሳዩት። ጌጥ አይደሉም። በሞርስ፣ በድሮው የቴሌግራፍ ምልክት፣ «በፕሮሂያስ» ይላሉ። የእኔ ደንበኛ የነበረ አንድ ልጅ ይሄን ሲሰማ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ሲፈታ አምሽቷል።

የገጹ ዳር ላይ ያሉት የሰርጂዮ አራጎኔስ ናቸው። ስፔን ተወልዶ ሜክሲኮ ያደገ ስደተኛ ነው። በ1962 ኒውዮርክ ሲገባ ኪሱ ውስጥ 20 ዶላር ነበረችው። «ማድ» ቢሮ ሲሄድ አንድ ነገር ተስፋ አድርጎ ነበር፤ ፕሮሂያስ የሚባል ስፓኒሽ ተናጋሪ እዚያ ስላለ እሱ ያስተረጉምልኛል ብሎ። ፕሮሂያስን አስጠራው። ፕሮሂያስ መጣ። የፕሮሂያስ እንግሊዝኛ ከእሱም የባሰ ነበር! አቅፎ ሳመውና ለአዘጋጆቹ «ሰርጂዮ፣ ወንድሜ» ብሎ አስተዋወቀው። እነሱም የእናቱ ልጅ መሰላቸው። ከ1963 መጀመሪያ ጀምሮ ያ ሰው የመጽሔቱን ጠርዝ ሞላው። ባዶ የሚቀር ቦታ ነበር፤ ማንም ለምንም አይፈልገውም። አሥርት ዓመታት ሲሠራ ከአንድ እትም በቀር አልቀረም፤ ያንንም የቀረው ፖስታው ስለጠፋ ነው።

ሦስተኛው አል ጃፊ ነው። ሳቫና፣ ጆርጂያ በ1921 ተወለደ። ስድስት ዓመት ሲሆነው እናቱ ልጆቿን ይዛ ወደ ሊትዌኒያ ተመለሰች። አባትየው አሜሪካ ቀረ። ከዚያ የእሑድ ጋዜጣ ኮሚኮችን እየሰበሰበ፣ እየጠቀለለ በፖስታ ይልክላቸው ነበር። ልጆቹ ያንን ጥቅል ለወራት ይጠብቃሉ። ከአባት የሚመጣ ነገር እሱ ነበር፤ አሜሪካም ያው እሱ ነበረች። እኔ ከውጭ የሚላክ ካሴትና ፎቶ ስንጠብቅ ያደግን ሰዎች ውስጥ ስላለሁ፣ ይሄን ታሪክ መጀመሪያ ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቁጭ አልኩ።

የሚታጠፈው ገጽ የእሱ ፈጠራ ነው። ሚያዝያ 1964 ነው የጀመረው። ያኔ ሀብታም መጽሔቶች ወደ ውጭ የሚዘረጋ ባለ ቀለም ትልቅ ገጽ ያስገቡ ነበር። ጃፊ፦ እኛ ርካሽ ነን፣ እንግዲያው በጥቁርና ነጭ ወደ ውስጥ እንጠፍ አለ። ለአንድ ቀን የተባለ ቀልድ ነበር። እሱ እስከ 2020 ድረስ ሠራው። ጡረታ ሲወጣ 99 ዓመቱ ነበር፤ ያረፈው በ2023፣ በ102 ዓመቱ ነው።

እንዴት እንደሚሠራ ከልጁ ጋር ቁጭ ብለው ይዩት። ከላይ አንድ ጥያቄ አለ። መሃል ላይ የተጨናነቀ ስዕል አለ፤ ሰልፍ ወይም ገበያ ወይም የመኪና መንገድ። ከሥር ዐረፍተ ነገር አለ። ገጹን ሁለት ቦታ አጥፈው «ኤ» የተባለውን ምልክት ወደ «ቢ» ሲያመጡት መሃሉ ይጠፋል። ግራና ቀኙ ይጋጠማሉ። ሰልፉ የሰው ፊት ሆኖ ቁጭ ይላል። ከሥር ያለው ዐረፍተ ነገርም አጥሮ መልሱን ይናገራል። በእኛ ቋንቋ ሰምና ወርቅ ነው፤ ልዩነቱ ወርቁን የሚያወጡት በጣት መሆኑ ብቻ ነው። ጃፊ የሚሠራው በማይታጠፍ ወፍራም ካርቶን ላይ ስለነበር፣ ሥራውን ታጥፎ የሚያየው መጽሔቱ ታትሞ ሲመጣለት ነው። ይሄን ሁሉ በጭንቅላቱ ነው የሚያጥፈው።

እንግዲህ ልጅዎ የሚስቀው ለዚህ ነው። የሚስቀው በዜናው አይደለም፣ በእጁ ነው፤ በሣዩ እጅ። ዜናው ያረጃል። በቃል ያልተማመነ ስዕል ግን የሚያረጅበት ነገር የለውም። እንግሊዝኛ ያልነበራቸው ሰዎች ለመብላት ሲሉ ያለ ቃል ማሳቅ ነበረባቸው። ሳያስቡት ከ60 ዓመት በኋላ ለሚመጣ፣ የዘመኑን ወሬ ለማያውቅ ልጅ ሠሩለት።

ዶን ማርቲንንም መጨመር አለብኝ፤ እግሩ ጫፉ ላይ የሚታጠፍ ሰውዬ ካዩ የእሱ ነው። እሱ ቃል ይጠቀማል፣ ግን ራሱ የፈጠረውን ድምፅ። እኛ ጧ፣ ዷ፣ ጠሽ፣ ቋ እንደምንለው። «ሽቶይንክ» የሚለውን ድምፁን ስለወደደው የመኪናው ታርጋ ላይ አስጽፎታል። ይሄም አያረጅም። ለ«ጧ» መዝገበ ቃላት የሚያይ ሰው የለም።

ያረጀው የቱ ነው? የፊልምና የቴሌቪዥን ፌዙ ብዙው አርጅቷል። ፊልሙን ያላየ ሰው አይስቅበትም። የፊት አሣሣሉ ግን ግሩም ነው፤ ሥዕል የሚወድ ልጅ ከሆነ ለዚያ ሲል ይየው። የፖለቲካው ደግሞ እንደ ልጁ ነው። ኒክሰንን በ«ማድ» ብቻ ካወቀው አፍንጫ ብቻ ሆኖ ይቀርበታል። ይሄ መጽሔት ታሪክ አያስተምርም። ታሪክ የሚያውቅን ሰው ነው የሚያስቀው። ልጁ «ይሄ ማነው?» ካለ ግን ዕድሉን አያሳልፉት።

በመሃል ያለው የማስታወቂያ ፌዙ ነው። ይሄን ብዙ ሰው ገልጦ ያልፈዋል፤ ለእኔ ከካርቶኑ ውስጥ ለ13 ዓመት ልጅ በጣም የሚጠቅመው እሱ ነው። «ማድ» ከ1957 እስከ 2001 ማስታወቂያ አይቀበልም ነበር። ስለዚህ የሲጋራውን፣ የቢራውን፣ የመኪናውን ማስታወቂያ አስመስሎ እየሠራ ሲያበሻቅጥ የሚያኮርፍበት ደንበኛ የለም። ቀለሙ፣ ፊደሉ፣ የሰዎቹ ፈገግታ ቁርጥ እውነተኛውን ይመስላል፤ ጽሑፉ ግን እውነቱን ይናገራል። እነዚያ ዕቃዎች ዛሬ ላይኖሩ ይችላሉ። የአሸጣጥ ዘዴው ግን ያው ነው፤ ልጅዎ በየቀኑ ስልኩ ላይ ያየዋል። አንዱን ገጽ ይክፈቱና «ምን ሊሸጡልህ ነው? እንዴት አድርገው?» ብለው ይጠይቁት።

ማስታወቂያ የሌለው መጽሔት የሚበላው ከአንባቢው ኪስ ብቻ ነው። ጌይንስ በ1960 ሠራተኞቹን ሄይቲ ይዟቸው ሄደ። እዚያ አንድ ደንበኛ ነበራቸው፤ እሱም ክፍያውን ሳያድስ ቀርቶ ነበር። ሁሉም ተሰብስበው ቤቱ ድረስ ሄደው እንዲያድስ ለመኑት። ከቁም ነገር የምቆጥረው የንግድ ዘዴ አይደለም፣ ግን ሰውዬውን ወደድኩት።

ወደ ትንንሾቹ መጻሕፍት እንምጣ። «ማድ» ሥራዎቹን በኪስ መጽሐፍ መሰብሰብ የጀመረው ገና በ1954 ነው፣ በ35 ሳንቲም። መጽሔቱ ቶሎ ከመደርደሪያ ይወርዳል፤ መጽሐፉ ግን ይቆያል። ብዙ አሜሪካዊ «ማድ»ን የሚያስታውሰው ከታላቅ ወንድሙ በወረሰው በእነዚህ መጻሕፍት ነው። ለአሰባሰብ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በዘመን ነው፤ የዓመቱን ሁሉ አንድ ላይ መጠረዝ። ሁለተኛው በሰው ነው፤ የአንዱን ሣይ ሥራ ብቻ ለቅሞ ማውጣት። ሁለተኛው ያሸንፋል። በሰው ሲሰበሰብ ያረጀው ዜና ይራገፋል፣ እጁ ይቀራል።

የአለቃ ገብረ ሐናም ነገር እንዲሁ አይደል? በመንገድ ዳር በሚሸጡት ትንንሽ መጻሕፍት ውስጥ የቀረው የእሳቸው አፍ ነው። የትኛው ሹም በምን ነገር አስቆጥቷቸው እንደነበር የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ግን ስብስብ ሲባል ሁሉም አንድ አይደለም። የድሮዎቹ የኪስ መጻሕፍት ትልቁን ገጽ ለትንሽ ገጽ ለማብቃት ሲሉ ስዕሎቹን እየቆራረጡ አንድ ወይም ሁለት በገጽ ያስቀምጣሉ። አንዳንዱን በጎን አዙረው ያትሙታል። መጀመሪያ በቀለም የወጣው ጥቁርና ነጭ ይሆናል። በአንድ ገጽ ላይ ዓይን አንዴ የሚያየው ነገር ሲበታተን ጥድፊያው ይጠፋል። ጀርባቸው በሙጫ ብቻ ስለተያዘም፣ እንደ ትምህርት ቤት ደብተር ጠፍጣፋ አድርገው ከከፈቷቸው ጧ ብለው ይሰነጠቃሉ። ከዚያ በኋላ ገጽ በገጽ ይረግፋሉ። ግማሽ ገልጦ ማንበብን ያስለምዱት።

ስልክ ላይ ማንበቡስ? አልመክርም። የዳር ስዕሎቹን ለማየት ሲያጎሉ ገጹ ይጠፋል፤ ገጹን ሲያሳንሱ ስዕሎቹ ይጠፋሉ። ስልክ ደግሞ ማጠፍ አይቻልም። ማለቴ፣ እነዚያ አዲሶቹ ይታጠፋሉ፣ ግን ለዚህ አይሆኑም።

የልጁን መልስ በተመለከተ፣ ከየት እንዳመጣው ልንገርዎት። ጃፊ ከ1965 ጀምሮ ለቂል ጥያቄ የሚሰጥ የሽሙጥ መልስ እያለ የሚሠራው ነገር ነበረው፤ በኋላ በመጽሐፍም ወጥቷል። አንድ ሰው ዓይን እያየው ያለውን ነገር ይጠይቃል። ሦስት መልስ ይሰጠዋል። አራተኛው ቦታ ባዶ ነው፤ አንባቢው የራሱን ይጽፍበታል። በ12ቱ መጻሕፍት ውስጥ አንዱ ይኖራል ብዬ እጠረጥራለሁ። «ጣሪያው እንዳይወድቅ እየጠበቅኩ ነው» የሚለው መጥፎ መልስ አይደለም፣ እውነቱን ለመናገር። ጥፋቱ ለእናት መባሉ ነው።

እንዳይከለክሉት። ወደ አማርኛ ያዙሩት። «እንደምን ዋልሽ የአህያ እናት?» ብለው ሲቀልዱባት «ደህና፣ ልጆቼ» ያለችውን ሴትዮ ይንገሩት። ያ ከጃፊ ሦስት መልሶች በላይ ነው፤ ሁለት ቃል ብቻ፣ ያውም በትሕትና። ከዚያ ሕጉን ያስረዱት፦ ባዶውን ቦታ ደብተር ላይ መሙላት ይቻላል፣ እራት ላይ ለአባት መመለስ አይቻልም። 13 ዓመት ይሄን ለመለየት በቂ ዕድሜ ነው።

ማስጠንቀቅ ያለብኝ ነገር አለ። ባለቤትዎ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። የ1970ዎቹ ገጾች የዘመናቸው ናቸው። ጥቁሮችን፣ እስያውያንን፣ ሴቶችን የሣሉበት መንገድ አንዳንድ ቦታ ዛሬ ዓይን ይጎረብጣል። የስካር ቀልድ ሞልቷል። ለአዋቂ ብቻ በተሠሩ ፊልሞች ላይ የተሠሩ ፌዞችም አሉ። «የልጆች ኮሚክ ነው» ብለው አይስጡት፤ የልጆች መጽሔት ተብሎ አልተሠራም። ለ13 ዓመት ልጅ ግን አብሮት የሚቀመጥ ሰው ካለ ችግር የለውም። ለታናናሾቹ ሰላዮቹን ብቻ ይስጧቸው። እዚያ ያለው ፈንጂ ነው፤ ማንም በእውነት አይሞትም፣ በሚቀጥለው እትም ይመለሳል።

የምመክርዎት ይሄ ነው። አይሽጡት። የሚያገኙት ገንዘብ ለመላኪያው ቢበቃ ነው። መጽሔቶቹን ልጁ ያንብባቸው፣ የሚታጠፈውንም ያጥፈው። ሰብሳቢዎች የታጠፈ አይወዱም፤ ለሰብሳቢ ግን አይደለም የገዙት። ሽፋናቸው ንጹሕ የሆኑትን አምስት ስድስት መርጠው ለብቻ ያስቀምጡ። ለእነዚያ ለመጽሔት ተብሎ የሚሸጠውን የፖሊፕሮፒሊን ላስቲክ ይግዙ። የተለመደውን የሚሸት ወፍራም ፕላስቲክ ግን አያልብሷቸው፤ እኔ ጀማሪ ሳለሁ በዚያ አንድ ሙሉ መደርደሪያ አበላሽቻለሁ። ቀለሙ ከፕላስቲኩ ጋር ተጣብቆ ቀረ።

አዲስ ልግዛለት ካሉኝ፣ ሁለት ብቻ። አንደኛ፣ በ2001 በአንድ ትልቅ ጥራዝ የተሰበሰበውን የፕሮሂያስን ሰላዮች። ገጹ ሰፊ ስለሆነ አልተቆራረጠም። ሁለተኛ፣ የጃፊን የሚታጠፉ ገጾች፤ በ2011 በአራት ጥራዝ ወጥቷል፣ የታጠፈውንም አብሮ ያሳያል። ውድ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቤተ መጻሕፍት ይጠይቁ፤ ከሌላቸው ከሌላ ቦታ ያስመጡልዎታል። በጥቅሉ ምርጥ ምርጡ እየተባለ የሚሸጠውን ድብልቅ ስብስብ ይተዉት፤ ግማሹ ያረጀው ነው። መጽሔቱም «ሞቷል» ሲሉ ቢሰሙ ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ከ2019 በኋላ ይዘቱ በአብዛኛው ከድሮው እየተለቀመ ነው የሚወጣው፣ ሽፋኑና ጥቂት ነገር አዲስ ሆኖ። እርስዎ ግን የድሮውን ቤት ውስጥ ይዘውታል።

ፕላስተሩ። የለጠፉትን ለመላጥ አይሞክሩ፤ ወረቀቱን ይዞት ይመጣል። ሙጫው ከጊዜ በኋላ ቡናማ እድፍ ይሆናል፣ ያ አይቀርም። እንዳለ ይተዉት። ከአሁን በኋላ የሚቀደደውን ግን አይለጥፉ። በሁለት ንጹሕ ነጭ ወረቀት መሃል አድርገው ያስቀምጡት፤ ልጁ ያንን የተቀደደ ገጽ ማጠፍ ከፈለገ ፎቶ ኮፒውን ያጥፍ።